የማይታየው ሰው ድምፅ፦ የክላውድ ሬይንስ የሕይወት ታሪክ

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ የተነገረው ሳይታሰብ ከአንደበት ስለሚያመልጥ ቃል ነው፤ ዳሩ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ምላሱ አልታዘዝ ላለው ሰውም ቢነገር ያስኬዳል። ሎሌ ቢከዳ ሌላ ሎሌ ይቀጠራል፤ አፉ የከዳው ሰው ግን ሌላ አፍ ከየት ያመጣል? በተለይም እንጀራው በመድረክ ላይ ቆሞ በመናገር የሚገኝ ከሆነ፥ አፍ ለእርሱ ለገበሬ በሬ እንደ ማለት ነው።

የራሱን ስም እንኳ አጥርቶ መጥራት ያቅተው የነበረ አንድ የለንደን ድኻ ልጅ፥ ከጊዜ በኋላ ፊቱ ሳይታይ በድምፁ ብቻ የሲኒማ ተመልካችን ያስደነቀ ተጫዋች ሆኗል። ይህ ሰው ክላውድ ሬይንስ ነው። ታሪኩን ማወቅ የሚጠቅመው ለሲኒማ ወዳጆች ብቻ አይደለም፤ በአነጋገሩ የተሣቀበት፥ በቁመቱ ማጠር የተናቀ፥ ወይም ከሰው ሁሉ ኋላ ቀርቻለሁ ብሎ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል በቅድሚያ እናሳስባለን።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ሥራው ዓይነት ጥቂት እንበል። በሲኒማ ዓለም የተጫዋቾች ወገን ሁለት ነው። አንደኛው ወገን መልከ መልካሙ ጀግና ነው፤ ሕዝቡ ስሙን በማስታወቂያው ላይ በትልቅ ፊደል አንብቦ ወደ ሲኒማ ቤቱ ይጎርፋል፤ ጀግናውም በየፊልሙ ስሙን ይለውጥ እንጂ ያው ራሱ ነው። ሁለተኛው ወገን ግን ዛሬ ንጉሥ፥ ነገ ሐኪም፥ ከነገ ወዲያ ሌባ ሆኖ የሚመጣ፥ የሌላውን ሰው ጠባይ እንደ ልብስ የሚለብስ ነው። የዚህኛው ስም በማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ወደ ታች ወረድ ብሎ ነው። ነገር ግን እርሱ ከፊልሙ ቢወጣ ጀግናው የሚታገለው ሰው፥ የሚያዝንለትም ሆነ የሚፈራው ሰው አይኖረውም። ክላውድ ሬይንስ በዚህ በሁለተኛው ወገን ውስጥ ከታላላቆቹ አንዱ ነበረ።

የተወለደው ኅዳር ወር ውስጥ በ1889 ዓ.ም. በለንደን ከተማ፥ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ ባለው ሰፈር ነው። ሙሉ ስሙ ዊልያም ክላውድ ሬይንስ ነው። አባቱ ፍሬድ ሬይንስ የቴአትር ተጫዋች ነበረ፤ በኋላም ድምፅ በሌለው ፊልም ዘመን ተጫዋችና ዲሬክተር ሆኖ ሠርቷል። ይሁን እንጂ የዚያን ጊዜ የቴአትር ሰው ኑሮ ዛሬ ጠግቦ ነገ የሚራብ ዓይነት ስለ ነበረ ቤቱ ከድኽነት አልወጣም። ከክላውድ ወንድሞችና እኅቶች አብዛኞቹ በሕፃንነታቸው ሞቱ። ልጁም ትምህርት ቤት ብዙ ሳይቆይ ገና በዝቅተኛ ክፍል ሳለ ትምህርቱን ትቶ በመንገድ ላይ ጋዜጣ እየሸጠ፥ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከልም እየዘመረ፥ የሚያገኛትን ሳንቲም ለእናቱ ያመጣ ነበረ።

በዚህ ላይ ሁለት የአነጋገር ችግር ነበረበት። አንደኛው ኮክኒ የሚባለው የለንደን ድኾች አነጋገር ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር አንድ ሰው አፉን በከፈተ ጊዜ ከየትኛው መደብ እንደ ተወለደ ወዲያው ይታወቅ ስለ ነበረ፥ በዚህ አነጋገር የሚናገር ልጅ በመድረክ ላይ ከአሽከርነትና ከወንበዴነት በቀር ሌላ ቦታ አያገኝም ነበረ። ሁለተኛው ችግር ከዚህ የባሰ ነበረ። ምላሱ የ«ር»ን ድምፅ ማውጣት አቅቶት «ው» ይለው ነበረ። እንግዲህ የአባቱ ስም ሬይንስ ነውና ልጁ ስሙን ሲጠየቅ ዌይንስ ብሎ ይመልስ ነበረ ማለት ነው። የራስን ስም በጠሩ ቁጥር ሰው ሲሥቅ መስማት ለሕፃን ልጅ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

ወደ ቴአትር የገባው በ10 ዓመት ዕድሜው በ1900 ነው። በሄይማርኬት ቴአትር በሚታይ ድራማ ውስጥ በመድረክ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚሯሯጡ ልጆች ተፈልገው ነበረና ከእነርሱ አንዱ ሆነ። የሚናገረው ቃል ስላልነበረ ምላሱ አላሳፈረውም። ከዚያ በኋላ ሂዝ ማጀስቲስ በተባለው ታላቅ ቴአትር ውስጥ በተላላኪነት ተቀጠረ። ሥራውም ተጫዋቾቹ ተራቸው ሲደርስ ከየክፍላቸው መጥራት ነበረ። ቀጥሎም ከመጋረጃ ኋላ ተቀምጦ ቃል የጠፋበትን ተጫዋች በሹክሹክታ ማስታወስ፥ ከዚያም የመድረኩን ሥራ ማሰናዳት ተሰጠው። በዚህ ዓይነት ዓመታት አለፉ። ልጁ የታላላቅ ተጫዋቾችን አረማመድ፥ አተነፋፈስ፥ ዝምታ እንኳ ሳይቀር ከመጋረጃ ኋላ ሆኖ እያየ አደገ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

የቴአትሩ ባለቤት ሰር ኸርበርት ቢርቦም ትሪ ይባሉ ነበረ። በዘመኑ በእንግሊዝ አገር ከነበሩት ስመ ጥር የቴአትር ሰዎች አንዱ እኚህ ሰው ነበሩ፤ በ1904 ዛሬ የንጉሣዊ ድራማ አካዳሚ የሚባለውን ትምህርት ቤት የመሠረቱም እርሳቸው ናቸው። ታዲያ ትሪ በዚህ ልጅ ውስጥ የተሰወረ ነገር እንዳለ አዩ። አይተውም ዝም አላሉም፤ ስለ አነጋገር ጥበብ የተጻፉ መጻሕፍት እንዲገዛና አስተማሪ ዘንድ ሄዶ ምላሱን እንዲያሠለጥን ከኪሳቸው ገንዘብ አውጥተው ረዱት። ልጁም የተሰጠውን ዕድል አላባከነም። ሌላው ሰው በእናቱ ጭን ላይ ሳለ ያለ ድካም የተማረውን እርሱ በጉልምስናው ዋዜማ እንደገና ከፊደል ጀመረ። አንዲቱን ድምፅ ደጋግሞ በማለት፥ ቃልን እንደ ወርቅ አንጥሮ በማውጣት፥ በመጨረሻ ማንም የማይጠረጥረው ጥርት ያለ አነጋገር ገንዘቡ አደረገ።

እዚህ ላይ በአንባቢው ልብ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ሰው ለመደመጥ ሲል የእናቱን ቋንቋ ቃና መጣል አለበትን? ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኛ አስተያየት በክላውድ ሬይንስ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለው ይገኛሉ። የምላሱ አለመታዘዝ ሊታከም የሚገባው ችግር ነበረ። የኮክኒው አነጋገር ግን በሽታ አልነበረም፤ በሽታው ድኻን በአነጋገሩ የሚመዝነው የዚያ አገር ሥርዓት ነበረ። ልጁ ሥርዓቱን ለመለወጥ ኃይል አልነበረውም፤ ስለዚህ ራሱን ለወጠ። ይህንን ስናደንቅለት ዋጋውንም መርሳት የለብንም። በድካም የተገኘው ያ ድምፅ የተወለደበትን ሰፈር ከኋላው አስቀርቶ ነው የመጣው። ሰውን በአነጋገሩ መመዘን በእንግሊዝ አገር ብቻ የተወሰነ ነገር ስላልሆነ፥ ይህን የሚያነብ ሁሉ ነገሩን ቢያስብበት መልካም ነው።

በትምህርቱ እየበረታ ሄዶ የታወቀ ተጫዋች ለመሆን ሲቃረብ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ደረሰ። ሬይንስ ለንደን ስኮቲሽ በተባለው የጦር ክፍል ተራ ወታደር ሆኖ ገባ። የሚያስገርመው ነገር፥ በዚሁ የጦር ክፍል ውስጥ በኋላ በሆሊውድ ስማቸው የገነነው ባዝል ራዝቦን፥ ሮናልድ ኮልማንና ኸርበርት ማርሻልም አገልግለዋል። በ1916 በሰሜን ፈረንሳይ በቪሚ አጠገብ ሳለ ጠላት የመርዝ ጢስ ለቀቀ። ሬይንስ ከሞት ቢተርፍም የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ሊጠፋ ጥቂት ቀረው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ የሚያየው በአንድ ዓይኑ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጉዳቱም በኋላ ከጦር ሠራዊቱ አልወጣም፤ ተራ ወታደር ሆኖ የገባው ሰው ጦርነቱ ሲያልቅ ሻምበል ሆኖ ነበረ። በፊልሞቹ ላይ አንዱን ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ሲመለከት ያየ ሰው፥ ከሁለቱ ዓይኖች አንደኛው እንደማያይ የሚጠረጥርበት ምክንያት የለም።

ከጦርነቱ በኋላ በለንደን መድረኮች ላይ ስሙ እየታወቀ ሄደ። ከዚህም ጋር ትሪ በመሠረቱት በድራማ አካዳሚው አስተማሪ ሆነ። ትሪ በ1917 ስለ ሞቱ ይህንን ለማየት አልታደሉም። የገዛ ስሙን አጥርቶ መጥራት አቅቶት የነበረው ልጅ፥ ረዳቱ ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ውስጥ የእንግሊዝን ወጣቶች የመድረክ ጥበብ አስተማሪ ሆኖ ቆመ። ካስተማራቸውም መካከል ጆን ጊልጉድና ቻርልስ ሎውተን ይገኛሉ። ጊልጉድ በሃያኛው መቶ ዓመት የሼክስፒርን ቃል አሳምረው ከተናገሩት ግንባር ቀደሙ ነው ተብሎ የሚነገርለት ሰው ነው። ሎውተንም በ1933 ስለ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በተሠራው ፊልም ኦስካር የተባለውን የአሜሪካ የሲኒማ አካዳሚ ሽልማት ተቀብሏል። መምህሩ ግን፥ ወደ ፊት እንደምናየው፥ ያንን ሽልማት በሕይወቱ አላገኘም።

በ1926 መጨረሻ ላይ ሬይንስ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በኒው ዮርክ ቴአትር ጊልድ ከተባለው ማኅበር ጋር ሲሠራ ቆየ። ከሠራቸውም ድራማዎች አንዱ በ1932 የታየው፥ ከፐርል በክ መጽሐፍ የተወሰደው የቻይና ገበሬ ታሪክ ነበረ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ አሜሪካ በታላቅ የገንዘብ ችግር ላይ ስለ ነበረች የቴአትር ሥራ እየቀነሰ ሄደ። ሬይንስም ዕድሜው ከ40 ዓመት አልፎ፥ ፀጉሩ ሸብቶ፥ ወደ ሲኒማ ለመግባት አንድ ጊዜ በካሜራ ፊት ተፈተነ። ፈተናው አልተሳካም። በትልቅ አዳራሽ መጨረሻ ረድፍ ለተቀመጠ ሰው መጫወት የለመደ ተጫዋች በካሜራው ፊት ሲቀርብ ሁሉም ነገር ከልክ በላይ ሆነበት።

ይሁን እንጂ ጄምስ ዌል የተባለው እንግሊዛዊ ዲሬክተር ይህን ፈተና የሰማው በጆሮው እንጂ በዓይኑ አልነበረም ማለት ይቻላል። ዌል በዚያን ጊዜ የኤች ጂ ዌልስን «የማይታየው ሰው» የተባለ ልብ ወለድ ወደ ፊልም ለመለወጥ እየተሰናዳ ነበረ። ታሪኩ አንድ የሳይንስ ሰው ሰውነቱን የሚሰውር መድኃኒት አግኝቶ በመጨረሻ አእምሮውን ስለ ማጣቱ የሚናገር ነው። እንግዲህ ለዚህ ፊልም የሚያስፈልገው ተጫዋች መልክ ያለው ሳይሆን ድምፅ ያለው ነበረ። ዌል የሬይንስን ድምፅ በሰማ ጊዜ የሚፈልገውን አገኘ።

ፊልሙ በ1933 ወጣ። ሬይንስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ወይም ጭራሹን ሳይታይ ይናገራል፤ ተመልካቹ መልኩን የሚያየው ሰውዬው ሲሞት በመጨረሻዋ ደቂቃ ብቻ ነው። ደስታውን፥ ቁጣውን፥ እብደቱን፥ ፍርሃቱን ሁሉ የሚያሳውቀው ያ ድምፅ ነው። ሲኒማ ማለት የመልክ ገበያ በሆነበት አገር አንድ የ44 ዓመት ሰው ያለ መልክ ታዋቂ ሆነ። ያ በለንደን ጎዳና ላይ መሣቂያ የነበረው ምላስ ባለቤቱን ካሰፈረው ቦታ ሁሉ አልፎ ይህን ከመሰለ ደረጃ አደረሰው።

ከዚያ በኋላ ከዋርነር ብራዘርስ ኩባንያ ጋር ለብዙ ዓመታት ሠራ። ብዙዎቹን ፊልሞቹን ዘርዝረን አንጨርሳቸውም። በ1938 በሮቢን ሁድ ፊልም ላይ ተንኮለኛው ልዑል ጆን፥ በ1939 የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሌዎን ሦስተኛ፥ በ1942 ከቤቲ ዴቪስ ጋር በተጫወተበት ፊልም ላይ የነፍስ ቁስል የሚያክም አስተዋይ ሐኪም፥ በ1945 በእንግሊዝ አገር በተሠራውና ከበርናርድ ሾው ድራማ በተወሰደው ፊልም ላይ ደግሞ ዩልዮስ ቄሣር ሆኖ ታይቷል። በ1939 የአሜሪካ ዜግነት ወስዷል።

የችሎታው ምሥጢር ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ሁለት ፊልሞችን ብንመረምር ይበቃል። በ1939 ፍራንክ ካፕራ በሠራው «ሚስተር ስሚዝ ወደ ዋሽንግተን ሄደ» በሚባለው ፊልም ሬይንስ ጆሴፍ ፔይን የተባለ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነው። ፔይን በወጣትነቱ ለእውነት የታገለ፥ በኋላ ግን ለሥልጣኑ ሲል ለባለጸጋ ሌባ ያደረ ሰው ነው። ጄምስ ስቲዋርት የሚጫወተው ወጣቱ ስሚዝ ይህን ሰው እንደ አባት ያከብረዋል። ሬይንስ ፔይንን እንደ ተራ ክፉ ሰው አድርጎ ቢጫወተው ኖሮ ተመልካቹ ጠልቶት ብቻ ይወጣ ነበረ። እርሱ ግን በውስጡ ገና ያልሞተውን ኅሊና አሳየን። ወጣቱ ለብዙ ሰዓት ቆሞ እየተናገረ ጉልበቱ ሲከዳው ሽማግሌው ለመመልከት ያቅተዋል፤ በመጨረሻም ኅሊናው አላስቀምጠው ብሎ ጥፋቱን በሸንጎው ፊት ይናዘዛል። ተምሮ ሥልጣን ላይ ለመውጣት የሚያስብ ወጣት ሁሉ ስሚዝን ለመምሰል ይመኛል፤ ነገር ግን ፔይንም አንድ ጊዜ ስሚዝ እንደ ነበረ ፊልሙ ያስታውሰዋል። ይህንን ትምህርት የሚሰጠን ጀግናው ሳይሆን ከጀግናው ጎን የቆመው ተጫዋች ነው።

ሁለተኛው ፊልም በ1946 አልፍሬድ ሂችኮክ የሠራው «ኖቶሪየስ» ነው። ሬይንስ በብራዚል አገር የተሸሸገ የናዚዎች ተባባሪ ሆኖ፥ ለስለላ የተላከችበትን ሴት ከልቡ ወድዶ ያገባል። ሴቲቱን የምትጫወተው ኢንግሪድ በርግማን በቁመት ትበልጠው ስለ ነበረ፥ አብረው ሲታዩ እርሱ ከፍ ባለ ነገር ላይ እንዲሄድ ይደረግ ነበረ ይባላል። ሬይንስ ግን አጭርነቱን አልደበቀውም፤ ይልቁንም እናቱን የሚፈራ፥ ሚስቱ እንደማትወደው የሚጠረጥር የአንድ ብቸኛ ሰው ምልክት አደረገው። ሰውዬው ሚስቱን ቀስ በቀስ በመርዝ ለመግደል ሲሞክር እያየን እንኳ፥ በመጨረሻ ጓደኞቹ ሊገድሉት ወደሚጠብቁበት ቤት ደረጃውን ብቻውን ሲወጣ ልባችን ይራራለታል። ክፋትን ሳያሳምሩ ክፉውን ሰው እንደ ሰው ማሳየት ቀላል ሥራ አይደለም።

በ1942 የተሠራው «ካሳብላንካ» ግን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ነገር አለው። በዚህ ፊልም ሬይንስ በፈረንሳዮች ግዛት በሞሮኮ የፖሊስ አዛዥ የሆነው ሻምበል ሉዊ ሬኖ ነው። በእውነተኛው ጦርነት ሻምበል የነበረው ሰው በፊልም ሻምበል ሆነ። ሬኖ ጉቦ የሚበላ፥ ነፋስ ወደ ነፈሰበት የሚያዘነብል፥ ነገር ግን ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ጀግናው ሪክ ስለ ማንም ግድ የሌለው መስሎ ለመታየት ሲሞክር፥ ሬኖ የሪክን ያለፈ ታሪክ አንሥቶ በ1935 ለኢትዮጵያ መሣሪያ በድብቅ እንዳስገባ፥ በ1936ም በስፔን ከሪፑብሊኩ ወገን ሆኖ እንደ ተዋጋ ያስታውሰዋል። ሪክ ለገንዘብ ብሎ እንዳደረገው ቢመልስም፥ አሸናፊው ወገን የበለጠ ሊከፍለው ይችል እንደ ነበረ ሬኖ ይነግረዋል።

ይህ አነስተኛ ንግግር ነው፤ ሳያስተውሉት ያልፋሉ። ይሁን እንጂ እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1935 ከጦርነቱ መጀመር በፊት ወደ አገራችን መሣሪያ እንዳይላክ ማገዳቸውን ለሚያውቅ ሰው ትርጉሙ ከባድ ነው። ፊልሙ የወጣው ኢትዮጵያ ነጻነቷን ካገኘች አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ ነው። የአንድ ሰው ልብ ከተጠቂ ጋር መሆኑ ሊመሰከር በተፈለገ ጊዜ በማስረጃነት የቀረበችው አገር ኢትዮጵያ ናት፤ ስሟን በዚያ ቦታ የጠራውም የክላውድ ሬይንስ ድምፅ ነው። በታሪኩ መጨረሻ ሬኖ ራሱ ከገዢዎቹ ተለይቶ ከሪክ ጋር በጭጋጉ ውስጥ ሲሄድ እናያለን።

ሽልማትን በተመለከተ ዕድል አልረዳውም። በረዳት ተጫዋችነት አራት ጊዜ ለኦስካር ታጭቶ አራቱንም ጊዜ ባዶ እጁን ተመልሷል። እነዚህም ከላይ ስለ ጠቀስናቸው ሦስት ፊልሞችና በ1944 ስለ ተሠራው «ሚስተር ስኬፊንግተን» ነበሩ። በዚህ በመጨረሻው ፊልም በናዚዎች እስር ቤት ዓይኑ የጠፋ አይሁዳዊ ባንከኛ ሆኖ ተጫውቷል፤ የአንድ ዓይኑን ብርሃን በጦርነት ላጣ ሰው ይህ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በ«ኖቶሪየስ» በታጨ ጊዜ ሽልማቱን የወሰደው ሃሮልድ ረስል ሲሆን፥ ይህም ሰው በወታደርነቱ ሁለት እጆቹን ያጣ ነበረ። በቴአትር በኩል ግን በ1951 በኒው ዮርክ በታየው «ጨለማ በቀትር» በተባለው ድራማ፥ አብዮቱ መልሶ የበላውን ሩባሾቭን ተጫውቶ ቶኒ የተባለውን ሽልማት ተቀብሏል። ዕድሜው ያን ጊዜ 61 ነበረ።

የቤቱ ኑሮ እንደ ሥራው የተሳካ አልነበረም። ስድስት ጊዜ አግብቷል፤ አምስቱ ጋብቻዎች በፍች ፈረሱ፤ ስድስተኛዪቱን ሚስቱን በ1964 ሞት ወሰደበት። ከአራተኛዪቱ ሚስቱ አንዲት ሴት ልጅ ወልዷል። የሌሎችን ሰዎች ልብ እንዲህ ያወቀ ሰው በገዛ ቤቱ ሰላምን ለማቆየት መቸገሩ ያሳዝናል፤ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ግን መልካሙን ብቻ መርጦ መጻፍ አይገባውም። ዕረፍት ያገኘው በእርሻ ነበረ። በ1941 በፔንስልቬንያ ሰፊ የእርሻ መሬት ገዝቶ፥ ከሆሊውድ ሥራው ሲመለስ በዚያ እንደ ገበሬ ይኖር ነበረ። በድንጋይ ንጣፍ መካከል ያደገ የለንደን ልጅ በስተርጅናው አፈር ወደደ።

በ1962 «የዐረብያው ሎረንስ» በተባለው ታላቅ ፊልም የእንግሊዝን መንግሥት ስውር ፖለቲካ የሚያካሂደውን ሚስተር ድራይደንን ተጫወተ። በዚሁ ዓመት የቴኒሰንን ረጅም ግጥም በድምፁ ሲያነብ፥ ግሌን ጉልድ የተባለው ስመ ጥር ካናዳዊ የሪቻርድ ሽትራውስን ሙዚቃ በፒያኖ ሲያጅበው የሚሰማበት ሸክላ ወጣ። እንግዲህ በሲኒማ ሥራው መጀመሪያ ላይ ፊቱ ሳይታይ የተሰማው ድምፅ፥ በሥራው መጨረሻ አካባቢም እንደገና ብቻውን ተሰማ። የመጨረሻ ፊልሙ በ1965 የወጣው የክርስቶስ ታሪክ ሲሆን በዚያ ላይ ንጉሥ ሄሮድስ ነበረ። ከዚያም በኒው ሃምፕሽር አገር ተቀምጦ ሳለ በግንቦት 30 ቀን 1967 በ77 ዓመቱ ዐረፈ።

ከክላውድ ሬይንስ ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ሰው የፈለገውን ሁሉ ለመሆን ይችላል የሚል ቀላል ስብከት አይደለም። ትሪ የመጻሕፍቱን ዋጋ ባይሰጡት ኖሮ ያ ልጅ ምናልባት ዕድሜውን ሙሉ ሌሎችን ወደ መድረክ ሲጠራ ይኖር ነበረ፤ እርሱ መድረኩን አይረግጥም ነበረ። ስለዚህ ድካሙን ስናደንቅ የረዳውን እጅ አንርሳ። ምላሱ የተሳሰረ ልጅ በየትምህርት ቤቱ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይገኛልና፥ ከመሣቅ በፊት ጥቂት ማድመጥ የሁላችን ግዴታ ነው። ሁላችንም ደግሞ የሪክን ቦታ ልንይዝ አንችልም፤ በአንድ ታሪክ ውስጥ ዋና ጀግና የሚሆነው አንድ ሰው ነው። የቀረነው የተሰጠንን ቦታ፥ አነስተኛም ቢሆን፥ ያለ እኛ ታሪኩ ሊቆም እስከማይችል ድረስ አጥርተን ልንሠራው እንችላለን። ክላውድ ሬይንስ ያደረገው ይህንኑ ነው።